ክር የሌለው እጅ

አርብ ጠዋት፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ፣ ጯ! ጯ! ጯ! የሚል ድምፅ ሦስት ጊዜ ሲሰማ ሳሙና አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሁለተኛውን ጫማ እየፈለገች ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ጸጥ አለ። ለቅሶ የለም። የወንድሟ ድምፅ ብቻ፣ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ፣ «ይሄ ለማስታወሻ ነው። ማታ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ዋናውን ታገኛለሽ» አለ። ከዚያ የብረቱ በር ተከፈተ፤ ከባዱ ጫማው የግቢውን ሲሚንቶ እየረገጠ ሄደ፤ ቧንቧው ጋ ቆመ፣ ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ ወጣ። ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ሳሙና ሁለተኛውን ጫማ አልጋው ሥር አገኘችው። ሬዲዮኗንም ከፍ አደረገችው፤ ስለ ዘይት መወደድ እያወሩ ነበር።

ግድግዳው ግድግዳ ከተባለ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራው ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ይብቃ ሲባል ወንድሟ በገዛ እጁ የመታው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ማዶ ሆነው ሲያስነጥሱ ወዲህ ሆነው «ይማርህ» ይላሉ። ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደገባ ይቆጠራል። እንግዲህ ቀበቶ አይሰማም ብሎ መማል ለማን ነው? አራት አርብ ሙሉ ሰምታለች። አራት አርብ ሙሉ ሬዲዮ ከፍ አድርጋለች። አንድ ቀን ብቻ አላስችል ብሏት ግድግዳውን በጡጫ ነረተችው። ከማዶ፣ «ምነው እታለሜ፣ አይጥ ገባብሽ እንዴ?» ብሎ ወንድሟ ሳቀ። እሷም «አዎ» አለች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሳሙና ስሟ አይደለም። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት፤ ሃያ ሁለት ሕፃናትን በቀን ሦስት ጊዜ እጃቸውን ታሳጥባለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ የረጠበ ሱሪ ትቀይራለች፣ ወለል ትወለውላለች። ልጆቹ «እትዬ ሳሙና» አሏት፤ መምህርቷ ተከተለች፤ ቀጥሎ የግቢው ሰው፤ በመጨረሻም ስሟን ሳትጠየቅ ለመደችው። ከዚህ የባሰ ስም ተሸክመው የሚኖሩ ስንት አሉ። ሃምሳን ልትነካ ትንሽ ነው የቀራት። ትምህርት ቤት የሄደችው አንድ ዓመት ተኩል ሲሆን የተወችውም መምህሩ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቷን ሲመታት ማስመሪያውን ቀምታ ስለሰበረችው ነው። «እልኸኛ» ብለው አባረሯት፤ አልዋሹም። ፊደል የለየችው ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ልጆቹ የተጫወቱበትን የአሸዋ ትሪ ስታስተካክል ነበር። ልጆቹ በጣታቸው አሸዋው ላይ የጻፉትን ከማጥፋቷ በፊት በራሷ ጣት ትከተለው ነበር፤ በሁለት ዓመት ሁሉንም ያዘች። ለማንም ግን አልተናገረችም። ቢጠይቋት፣ «ጨዋታ ነው እንጂ ምን ትምህርት አለው» ትላለች።

ያ ጨዋታ እንዲህ ነው። መምህርቷ ገና ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ እጇ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። በሳምንት አንድ ፊደል ታስተምራለች። ሰኞ በአሸዋ፣ ማክሰኞ በጭቃ፣ ሌላ ቀን በዝላይ፣ ሌላ ቀን ልጆቹን ወለሉ ላይ አጋድማ በሰውነታቸው ፊደሉን ታሠራቸዋለች። አርብ ከሰዓት ፈተና አለ፤ ፈተና ብለው ግን አይጠሩትም። ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊደሉን በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል፣ ስሙን ይጠራል። ካወቀ የእጁ አንጓ ላይ የሱፍ ክር ይታሰርለታል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቀለም። ክሩን የምታስረው ሳሙና ናት። «መቼም እጃቸውን ሲታጠቡ አንድ በአንድ እርስዎ ጋ ነው የሚመጡት፤ እዚያው ይጠይቁልኝ» አለቻት መምህርቷ። ለአንዲት ሞግዚት ይህ ሹመት ነው። ሳሙና ክሮቹን በየቀለማቸው ጠቅልላ በሽርጧ ኪስ ይዛ ስትዞር ደረቷ ትንሽ ወጣ ይል ነበር።

የወንድሟ ልጅ እዚያው ክፍል ናት። አምስት ዓመቷ ነው። እጅና እግሯ ከመቅጠኑ የተነሣ ጭራሮ ያለቻት ራሷ ሳሙና ናት። ጭራሮ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አራት ክር አሰረች። በአራተኛው አርብ በር ላይ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እናት ለሌላዋ፣ «የራሷን ወገንማ ክር በክር አደረገቻት እኮ» ስትል ሳሙና ሰማች። ሰው አዳላች ከሚላት ሌባ ቢላት ይሻላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ልጅ ሲጠፋበት፣ «የፊደሉ ሆድስ? የት ጣልከው?» እያለች ታቀብላለች፤ ለጭራሮ ግን ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች። በአምስተኛው ሳምንት ልጅቷን አተኮሳት፣ ሁለት ቀን ቀረች፣ አርብ ዕለት ፊደሉ ጠፋባት። ሳሙና አላሰረችላትም። ይባስ ብሎ በዚያ ኮራች፤ «ለዘመድ የሚያጋድል ሚዛን የለኝም» ብላ ለጥበቃው ሁሉ አወራች።

ወንድሟ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ፊደል አይለይም። ልጁ መማር አለመማሯን የሚያውቀው በክሩ ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ የልጅቷን እጅ ገለበጠ፣ አየ፣ ቀበቶውን ፈታ። በሚቀጥለው አርብ ጭራሮ የምታውቀውም ጠፋባት። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም። ሳሙና ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብላ ያን ትንሽ ጣት አየር ላይ ሲንቀጠቀጥ ታያለች፤ ታያለች፤ «ቀጣይ!» ትላለች።

የዛሬው ፊደል ቀ ነው።

ወደ ሥራ ሲሄዱ ጭራሮ እንደወትሮው እጇን ሰጠቻት። ትንሽ ታነክሳለች። ሳሙና አላየሁም አለች። ሱቁ ጋ ቆማ ሳሙና ገዛች፤ ባለሱቁ ዋጋው ካለፈው ወር በግማሽ ጨምሯል ሲላት፣ «ታዲያ ሰው ሳይታጠብ ይሙት?» ብላ ተጨቃጨቀች፤ እሱም «አንቺ ደግሞ የስምሽን ዋጋ ራስሽ ካልቻልሽው ማን ይቻለው» ብሎ አሳቃት። ስቃ ዞር ስትል ጭራሮ ሱቁ ግድግዳ ላይ በጣቷ የሆነ ነገር ትጽፍ ነበር። አክስቷ ስታያት እጇን ሰበሰበች።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል። መምህርቷ ወለሉ ላይ በጠመኔ የክፍሉን ግማሽ የሚያህል ትልቅ ቀ ጽፋለች። ልጆቹ በሰልፍ በመስመሩ ላይ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ቀጥ ብለው በምሰሶው፣ ከዚያ በክቡ ዞረው። አንዱ ጥርሰ ወላቃ፣ «ቲቸር፣ ቀ እኮ አርግዛለች!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አዎ፣ ሆዷን ተጠንቅቀህ ዙር» አለችው መምህርቷ። ቀጥሎ የጨርቅ ከረጢት አመጣች፤ ውስጡ ከእንጨት የተፈለፈሉ ፊደላት አሉ፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ብቻ «ቀ»ን ይፈልጋሉ። ሳሙና በበሩ ጥግ መወልወያዋን ይዛ ቆማ፣ አንዲት ልጅ ሁለቱንም ክንዷን እስከ ብብቷ ከትታ ስትፈልግ እያየች ለብቻዋ ሳቀች። ጭራሮ ተራዋ ሲደርስ እጇን ከረጢቱ ውስጥ አስገባችና ምንም ሳትዳስስ አወጣችው። ያለቀበት ቤት መሶብ የከፈተች ትመስል ነበር።

«እሺ፣ አሁን በቀ የሚጀምር ነገር» አለች መምህርቷ ወለሉ ላይ አብራቸው ቁጭ ብላ። «ያመጣ ይጨበጨብለታል።»

«ቀጭኔ!» አለ ጥርሰ ወላቃው። ተጨበጨበ። ቀሚስ ተባለ። ቀለበት ተባለ። ቀበሮ፣ ቀለም፣ ቀንድ። አንዱ «ድመት» አለ፤ ለድፍረቱ ተጨበጨበለት። ከዚያ ከኋላ፣ ከጥግ፣ ለአራት ሳምንት በዚያ ክፍል ያልተሰማ ድምፅ መጣ።

«ቀበቶ።»

መምህርቷ ከደስታዋ የተነሣ ተነሥታ ቆመች። «ጎበዝ! የኔ ጎበዝ! አጨብጭቡላት! ቀበቶ ለምን ይጠቅማል? ነይ አሳዪን፣ ነይ!» ሱሪ ታጥቃ የምታስመስል መስሏት ነበር፤ ማንም ይመስለዋል። ጭራሮ ተነሣች። ልጆቹ መሀል አልፋ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ፊቷን አዙራ ሁለቱን መዳፎቿን ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እጇ ወደ ላይ ሲሳብ ቀሚሷም አብሮ ተሳበ። ከጉልበቷ ኋላ እስከ ባቷ ድረስ ሰንበሩ አግድም አግድም ተጋድሟል፤ የቆየው ጠቁሯል፣ የዛሬ ጠዋቶቹ ሦስቱ ቀልተዋል፣ አንደኛው ላይ የቀበቶው ብረት ቆዳውን አንስቶ ሄዷል። እንደዚያ ቆማ፣ በጣም ጥሩ ተማሪ ሆና፣ «አንድ። ሁለት። ሦስት» ብላ ቆጠረች። «ይሄ ለማስታወሻ ነው። ዋናው ማታ ነው።»

ልጆች ምን ያውቃሉ። ጨዋታ መሰላቸው። ጥርሰ ወላቃው ሮጦ ሄዶ ከጎኗ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሌላው ተከተለ። አፍታም ሳይቆይ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ግድግዳው ላይ ተሰልፎ፣ የቀሩት ከኋላ ቆመው በመዳፋቸው እየጠፈጠፏቸው፣ «አንድ! ሁለት! ሦስት! ለማስታወሻ!» እያሉ በሳቅ ሞቱ። አንዷ ጠንከር አድርጋ መታች፤ የተመታው አለቀሰ፤ ያለቀሰው ዞሮ በቡጢ አፍንጫዋን አላት፤ ደም ፈሰሰ። መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደርቃ ቀረች። መሀላቸው ገብታ በክንዷ የለያየቻቸው ሳሙና ናት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ጭራሮ ከግድግዳው ንቅንቅ አላለችም። የሚቀጥለውን እየጠበቀች ነበር።

መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ መምህርቷ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አንድ ቤት አይደል የምትኖሩት?» አለች።

«ግድግዳ አለን።»

«አልሰሙም?»

ሳሙና መወልወያውን ጨመቀች። ደርቆ ነበር፣ ጨመቀችው። «ለምንድን ነው የሚመታት?» ብላ መምህርቷ ስትደግም፣ አፏን የከፈተችው ለመዋሸት ነበር፤ የወጣው ግን እውነቱ ነው። «ክር ስለሌላት። አርብ አርብ እጇን ያያል።» መምህርቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የሳሙናን የሽርጥ ኪስ አየች። ብትሰድባት፣ አይ ብትሰድባትማ ሳሙና መልስ አታጣም ነበር። መምህርቷ ግን ያቺን ኪስ ደግማ አየች፣ ከዚያ በሩን ከፍታ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደች። ሳሙና በኮሪደሩ ወለል እየወለወለች ሁሉንም ሰማች፤ ዕድሜዋን ሁሉ በግድግዳ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት። ዳይሬክተሯ የሰው ቤት ገመና የእኛ ሥራ አይደለም አለች፤ ወላጆች ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ አለች፤ አፍንጫዋ የደማውን ልጅ እናት ማን ያስረዳ አለች፤ በመጨረሻ መምህርቷ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ፣ «እሺ፣ አባቷ ሰኞ ይጠራ» አለች። ሰኞ! ሳሙና መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። ዛሬ ማታ የሚባል ነገር እነሱ ቤት የለም እንዴ?

ከሰዓት ልጆቹ ገንዳው ጋ ተሰለፉ። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጻፉ፣ ቀ አሉ፣ ቀይ ክር ታሰረላቸው። ጭራሮ መጨረሻ ላይ ቆመች። ዓይኗን ስትጨፍን ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። ጣቷን አነሣች። ጣቷ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። «ምሰሶዋን አስቀድሚ» አለች ሳሙና፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀበለቻት። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። «ከዚያ ሆዷን። ክብ ነው። አይዞሽ።» ከጨፈነው ዓይን እንባ ወረደ። ሳሙና ቀዩን ክር አወጣች፤ ያቺን ቀጭን አንጓ ስትይዝ የደም ሥሯ እንደ ጫጩት ልብ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ ቋጠረችላት፣ አጥብቃ። የራሷም እንባ ገንዳው ውስጥ ጠብ አለ። «ሂጂ፣ አግኝተሻል» አለቻት። «አልጻፍኩም እኮ» አለች ጭራሮ። «አግኝተሻል አልኩ!» አለች ሳሙና፤ ተቆጥታ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳሙና ቀለል አላት። ዘዴው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ አራት ሳምንት ምን አደነቆረኝ ብላ ራሷን ረገመች። በየሳምንቱ ታስርላታለች፤ አዳላች ካሉ ይበሉ። ክፍሏ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነከረች። ፀሐይ ገና ግቢው ውስጥ ነበረች፤ የጎረቤት ልብስ ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል። የወንድሟ ጫማ መጣ። ማዶ በሩ ተከፈተ። «እጅሽን አምጪ» ሲል ሰማች። ከዚያ ወንድሟ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማችው ስንት ጊዜው ነው! «አያችሁ? አያችሁ! በትር እኮ ነው መምህሩ! ጨዋታ ምናምን ይላሉ። ነይ፣ ነይ እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት አገኘሽው? ምን ብለው ጠየቁሽ? ምን ብለሽ መለስሽ?» ልጅቷን አንሥቶ ወደ ላይ የወረወራት መሰለ፤ አልጋው ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

ጭራሮ ውሸት አልተማረችም። ማን ያስተምራት? «እትዬ ሳሙና አለቀሰችና አሰረችልኝ» አለች።

የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ። ወንድሟ፣ «ሳትጽፊ?» አለ። መልሱ አልተሰማም፤ ራሷን ነቅንቃ ይሆናል። «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። «ፊደሉስ ይቅር፣ አሁን ደግሞ ሌብነት? ሰው ፊት ልታዋርጂኝ?» ቀበቶው ከሱሪው ሲመዘዝ ሹልክ የሚለውን ድምፅ ሳሙና ሰማች፤ ቀጥሎ ጯ! የሚለውን። የስፌት መኪናው እንደገና ተነሣ፤ አሁን በጣም ይፈጥናል፣ ጨርቅ የሌለው ባዶ ስፌት። ጭራሮ በዚህ ጊዜ ጮኸች። ሳሙና ሳፋውን ገልብጣ በባዶ እግሯ ወጣች።

በሩን አላንኳኳችም፣ በትከሻዋ ገፋችው። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ገብታለች፤ ወንድሟ በአንድ እጁ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ይጎትታል፣ በሌላው ያገኘበት ይመታል፤ ክንድ፣ ጀርባ፣ የጠረጴዛ እግር። ብርጭቆ ወድቆ ተሰብሯል። ሳሙና መሀል ገባች። ለልጅቷ የተሰነዘረው ቀበቶ በብረቱ በኩል የሷ ቅንድብ ላይ አረፈ። ፊቷ በአንድ ጊዜ ሞቀ፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ውጪ እታለሜ! የኔና የልጄ ነገር ነው!»

«ያሰርኩላት እኔ። ሌባዋ እኔ ነኝ። እኔን ምታ።»

«አንቺማ ዋናዋ!» አለ እያለከለከ። «እኔ ቀለም ነክሬ በጣቴ ስፈርም የሳቁብኝ አነሰ? ትናንት የተቀጠረ ልጅ ውሉን እያነበበ፣ ‹አንተ ዝም ብለህ ተጫን› ሲለኝ አንቺ እዚያ ነበርሽ? እሷም ትጫን? እሷም ይሳቅባት?» ቀበቶውን እንደገና አነሣ። ሳሙና አየር ላይ ያዘችው። እጆቿ ሃያ ዓመት ሙሉ የረጠበ ብርድ ልብስ የጨመቁ እጆች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ጠቀለለች፣ ሁለት ጊዜ ጠቀለለች፣ ሳበችው። ወንድሟ ተንገዳገደና ወገቡ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ቀበቶው እሷ እጅ ቀረ። ከሸሚዙ የደረት ኪስ ብረት የሚያሰምርበትን ጠመኔ መነተፈችው። ተንበርክካ ሲሚንቶው ላይ፣ በደሟ ጠብታ መሀል፣ አንድ ትልቅ ምሰሶ አቆመች፣ ሆዱን አዞረችለት።

«ይሄ ማነው?»

«አብደሻል?»

«ማነው አልኩህ!»

ወንድሟ ፊደሉን አየ። ሳሙና ቀበቶውን ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። «ይሄ ለማስታወሻ ነው» አለችው። «ማነው?» ይህ ሰው የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው፤ በአንድ እጁ አንሥቶ ግቢ ሊወረውራት ይችል ነበር። ግን ዓይኑ ከጠመኔው ጽሑፍ አልተነቀለም። አንገቱ ሥር መታችው። «ማነው! ልጅህ በአምስት ዓመቷ ትወቅ ያልከውን አንተ በአርባህ አታውቅም?» ሦስተኛው ሲመጣ ክንዱን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ፣ አንገቱን ቀበረ፣ ትንሽ ሆነ። ሳሙና ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። አራት አርብ ሙሉ ሬዲዮ ከፍ ያደረገችበት እጅ አሁን ሥራ አገኘ፤ ደግማ መታችው፣ ደግማ፣ ደግማ፣ «ማነው! ማነው!» እያለች፣ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር እስኪጠፋት።

«ቀ!»

ድምፁ ከጠረጴዛው ሥር ነው የመጣው። ጭራሮ በሆዷ ተስባ ወጥታ የአባቷን ሱሪ ጨምድዳ ይዛለች፤ በጣቷ ወለሉ ላይ ያለውን ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው፣ ክቡን ዞረችው፣ አንድም አልሳተች። «አባዬ፣ ቀ በል! ቀ ነው፣ ቀ በላት! ቀ ካልካት ትተውሃለች!»

የሳሙና እጅ እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ። ወንድሟ ክንዱን ከፊቱ ዝቅ አደረገ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ልጁን አየ፣ ፊደሉን አየ። «ቀ» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የማይታወቅ ዕቃ እንደሚያይ አያቸው።

ሚስቱ ከስፌት መኪናው ተነሣች። በዚያ ቤት የሷ ድምፅ መኖሩን ጎረቤት የሚያውቀው ልብስ ስታስለካ ብቻ ነው። የልጅቷን ትንሽ ፍራሽ ከጥጉ አነሣች፣ ጠቀለለች፣ ሳሙና ብብት ሥር አስገባችላት። «ውሰጂያት» አለች። «ዛሬም፣ ነገም። ጨርሰሽ።» ባሏን አላየችውም። ተመልሳ ሄዳ የተሰበረውን ብርጭቆ ትለቅም ጀመር። እሱም አልከለከለም። «የት ነው የምትወስዷት ልጄን?» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሳሙና ፍራሹን ክፍሏ ውስጥ፣ ከሳፋው የፈሰሰው ውሃ ያልደረሰበት ቦታ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ዘረጋችው። የሚንጠባጠብ ደሟን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ግቢ፣ የኔ እናት» አለች። ጭራሮ ደፉ ላይ ቆማ ነበር፤ አልገባችም። ጀርባዋን የበሩ መቃን ላይ ለጥፋለች። «ግቢ እንጂ፣ ማንም አይነካሽም ከእንግዲህ።»

ልጅቷ ጣቷን አየር ላይ አነሣች። «ሠን አውቃለሁ» አለች፤ ጻፈችው። ጣቷ ትንሽ እንኳ አልተሳሳተም። «ረን አውቃለሁ።» ጻፈች። «ሰን። ሸን።» ያለፉት አራት አርቦች በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ጥርት ብለው አየሩ ላይ ተሰለፉ። እየፈጠነች ሄደች፤ ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቀንም አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ እኮ እትዬ። አላጠፋሁም።»

«ማን ጠየቀሽ የኔ ልጅ፣ ተይው፣ ተይ በቃ» አለች ሳሙና፣ ልታቅፋት ወደሷ እጇን ዘረጋች። ጭራሮ እንደ አርብ ከሰዓቱ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ግን አንዱን ብቻ ነው። ሌላኛው ተከፍቶ የተዘረጋውን እጅ ያይ ነበር። ሳሙናም ያ ዓይን ወዳረፈበት አየች። ቀበቶው እዚያው መዳፏ ላይ፣ ሁለት ጊዜ እንደተጠቀለለ ነበር።